ጌም በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቀጣሪ ጆሮ ምን ይሰማል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰበታ መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለፈረቃ አስተባባሪነት የቀረቡ አመልካቾችን ከሚፈትኑ ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የተጋበዝኩት የውጭ ገምጋሚ ሆኜ ነው። ማስታወቂያው «ከ0 ዓመት የሥራ ልምድ ጀምሮ» ስለሚል አብዛኞቹ አመልካቾች በዚያው ዓመት የተመረቁ ነበሩ። አንዱ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቅ ተራው ደርሶ ሲገባ፣ ሰብሳቢው «ሰዎችን አስተባብረህ አንድን ነገር ከፍጻሜ ያደረስክበትን አጋጣሚ ንገረን» አሉት። ወጣቱ ትንሽ አመነታና፣ «ፐብጂ በሚባለው የኦንላይን ጌም አርባ ያህል አባላት ያሉትን ቡድን ለአንድ ዓመት መርቻለሁ፤ እርስዎ እንዳሉት . . .» ብሎ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ዕድል አላገኘም። ከመካከላችን አንዱ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ደግሞ «እሱን ተወውና ቁም ነገር ንገረን» አሉት። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን በውጤት መስጫው ቅጽ ላይ ከ10 ነጥብ 3 ጻፍኩለት።

ከእርሱ በኋላ የገባው አመልካች ለዚያው ጥያቄ የትምህርት ክፍሉ የእግር ኳስ ቡድን አምበል እንደነበረ ተናገረ። ሦስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። 7 ሰጠሁት። ማታ ቅጾቹን ሳገላብጥ ሁለቱን መልሶች አስተያየሁ። አምበሉ ያደረገውን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የመጀመሪያው ወጣትም ያደረገውን አልነገረንም፤ እንዲነግረን አልፈቀድንለትምና። ታዲያ በመካከላቸው ያለው የአራት ነጥብ ልዩነት የምን ነበር? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለእኔ የሚያስመሰግን እንዳልሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ማለትም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት የአዲስ አበባ አጎራባች ከተሞች፣ ሥራ ፈላጊ ምሩቅ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አያቃልለውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ያንን አልፎ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ማስታወቂያ ደግሞ ወይ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል፣ ወይ «0 ዓመት» ብሎ ለአንድ መደብ ብዙ ሰው ይጠራል። ነጥባቸው የተቀራረበ አመልካቾች በብዛት ሲሰለፉ የሚለያቸው ቃለ መጠይቁ ነው። በቃለ መጠይቁም የሥራ ልምድ የሌለውን ሰው የሚጠይቁት ሥራ ላይ የነበረ ሰው የሚጠየቀውን ነው፦ ግጭት የፈታህበትን፣ ቡድን የመራህበትን፣ በችግር ጊዜ የወሰንክበትን አጋጣሚ ንገረን። ምሩቁ ያለው ከሥራ ውጭ የኖረው ሕይወት ብቻ ስለሆነ መልሱን ከዚያው መቅዳት አለበት። ከዚያ ሕይወት የትኛው ክፍል ይነገራል፣ የትኛውስ ይደበቃል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የእንጀራ ጥያቄ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ጌም» የሚለው ቃል በእነዚህ ከተሞች በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚደረገው ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ ያለው የፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በጨዋታ ቁጥር ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜም ሂሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። ሦስተኛው የስፖርት ውርርድ ነው። በብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ የተከፈቱት የውርርድ ቤቶች በተስፋፉባቸው ዓመታት «ቲኬት መቁረጥ» የሚለው አነጋገር ከአውቶቡስ ጣቢያ ወጥቶ ሌላ ትርጉም ያዘ፤ ብዙ ቤተሰብም የልጁን የትምህርት ቤት ገንዘብ በዚያ በኩል ሲወጣ አየ። ስለዚህ «ኦንላይን ጌም እጫወታለሁ» የሚል አመልካች ፊት የተቀመጠው የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ የሚሰማው ቃል «እወራረዳለሁ» ሊሆን ይችላል። ይህ የጎልማሳው ድንቁርና አይደለም። ከአሸዋ ሜዳ እስከ ዓለም ገና ያለውን ጎዳና በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ከሚያየው የተነሣ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከውርርዱ ጀርባ ደግሞ ሌላ የቆየ ቃል አለ፤ «ቦዘኔ»። ቃሉ በሕጋችን ውስጥ ገብቶ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 እስከመውጣት ደርሷል። ሥራ የሌለው ወጣት ተሰብስቦ ሲጫወት መታየቱ በእኛ ዘንድ የወንጀል ጥርጣሬን ጭምር ይጠራል። ሥራ ያለው ሰው ማታ ፑል ቢጫወት ተዝናና ይባላል፤ ሥራ የሌለው ቢጫወት ቦዘነ ይባላል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የሥራ መታወቂያው ነው። ሥራ ፈላጊው ደግሞ በትርጉሙ ሥራ የሌለው ነውና ጨዋታውን ባነሣ ቁጥር የሚመዘነው በሁለተኛው ሚዛን ነው።

ጨዋታ እንደ ተጫዋቹ ማንነት የሚከበርና የሚናቅ መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ለዘመናት የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ባወጡት ጥናት እንደሚነበበው፣ የአገራችን ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዛሬ ወጣቶች በስልካቸው ከሚጫወቷቸው የስልት ጨዋታዎች ጋር ያለው መመሳሰል ያስገርማል። ነገር ግን መስፍኑ ሰንጠረዥ ሲጫወት «ጦር ይማራል» ይባል ነበር እንጂ ጊዜውን አባከነ አይባልም ነበር። ገበጣ የሚጫወት እረኛ ግን ስሌት ተማረ ያለው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ከእኛ ውጭም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሎረን ሪቬራ የተባሉት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካን ሶሲዮሎጂካል ሪቪው ባሳተሙት ጥናት በታላላቅ የሕግ፣ የባንክና የማማከር ድርጅቶች ውስጥ ከቅጥር ጋር የተያያዙ 120 ባለሙያዎችን አነጋግረው፣ ጠያቂዎች የአመልካቹን የትርፍ ጊዜ ውሎ ከራሳቸው ውሎ ጋር እያመሳሰሉ እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ሪቬራና አንድራሽ ቲልቺክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ሙከራ ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። በትምህርትና በውጤት እኩል የሆኑ የሐሰት ማመልከቻዎችን ለ316 የሕግ ቢሮዎች ልከው፣ የአንዱን መደብ አመልካች በመርከብ ቀዘፋ፣ በፖሎና በክላሲካል ሙዚቃ፣ የሌላውን በዱላ ቅብብል ሩጫ፣ በሰፈር እግር ኳስና በካንትሪ ሙዚቃ አመለከቱት፤ ሌሎች ጥቃቅን የመደብ ምልክቶችንም ጨመሩ። ባለፖሎው ወንድ 16 በመቶ ያህል ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ፣ ባለ ሰፈር ኳሱ የተጠራው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በእኔ ቅጽ ላይ የሰፈር እግር ኳስ 7 ማግኘቱን ልብ ይበሉ። አሜሪካ ላይ የሚያስጥለው እዚህ ያስመርጣል። ከዚህ የምረዳው ነጥቡ የሚሰጠው ለጨዋታው ባሕርይ ሳይሆን ጠያቂው ልጅ ሳለ ከማን ጋር ለተጫወተው ጨዋታ መሆኑን ነው።

ሱሉልታን እንደ ማነጻጸሪያ ልውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች የአትሌቶች መንደር ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ መምም እዚያው ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣ አመልካች «ለሦስት ዓመት በክለብ ሮጫለሁ» ሲል ጠያቂው ወዲያው ጽናትን፣ ማለዳ መነሣትን፣ ሥርዓትን በአእምሮው ይሥላል። ሯጭነት ለሂሳብ ሠራተኛነት ምን እንደሚጠቅም ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ጌም የተጫወተው ግን «ይህ ለሥራችን ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ለአንዱ ብቻ መቅረቡ ነው።

ለመሆኑ ይጠቅማልን? በዚህ ጉዳይ የጌም ወዳጆች አብዝተው ይናገራሉ። አዘውትሮ የሚጠቀሰው ምሳሌ ጆን ሲሊ ብራውንና ዳግላስ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2006 በዋየርድ መጽሔት የጻፉት የስቲቨን ጊሌት ታሪክ ነው። ጊሌት ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በተባለው ጨዋታ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቡድን መሪ ነበር፤ በያሁ ኩባንያ ለከፍተኛ የምህንድስና ኃላፊነት ሲመረጥ ይህ ልምዱ እንደረዳው ጸሐፊዎቹ ይተርካሉ። በኋላም የስታርባክስ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባይረን ሪቭስ፣ ቶማስ ማሎንና ቶኒ ኦድሪስኮል የኦንላይን ጨዋታዎችን የወደፊቱ አመራር መለማመጃ አድርገው አቅርበዋቸዋል። ጽሑፎቹ ያስደስታሉ፤ ነገር ግን ጊሌት ያሁ ከመግባቱ በፊትም በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሠራ ባለሙያ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የሰበታው ምሩቅ ከጌሙ በስተቀር የሚያሳየው የለውም፤ የጊሌትን ታሪክ ለእርሱ ማውሳት ድግስ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለተራበ ምሳሌ እንደማድረግ ነው።

የበለጠ ክብደት ያለው የጄምስ ሮሰርና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአርካይቭስ ኦቭ ሰርጀሪ በወጣው በዚህ ጥናት ከተሳተፉ 33 ሐኪሞች መካከል፣ ቀድሞ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና መለማመጃ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስሕተት ሠርተዋል፣ በ27 በመቶም ፈጥነዋል። ይሁንና ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያሳይም፤ እጁ የተፍታታ ሰው ጌሙንም ሊወደው ይችላል። በሌላ በኩል ዳንኤል ሳይመንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የአእምሮ ማሠልጠኛ ተብለው የሚሸጡ ጨዋታዎችን በተመለከተ ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ ሰዎች በተለማመዱት ተግባር ወይም በቅርብ ዘመዱ እንደሚሻሻሉ፣ ወደ ራቀ የዕለት ተዕለት ችሎታ መሸጋገሩ ግን በጣም ደካማ ማስረጃ እንዳለው ደምድመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የጌም ሱስን በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካቶታል፤ ምደባው በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። ስለዚህ «ጌም ተጫውቻለሁና የአመራር ችሎታ አለኝ» የሚለው ክርክር አይቆምም። እዚህ ላይ ከሳቁት የሥራ ባልደረባዬ ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን ያ ወጣት ያለው «ተጫውቻለሁ» ሳይሆን «መርቻለሁ» ነበር። ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአንድ ቡድን አርባ ሰው ማቆየት ማለት ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ቅጣት ሳያስፈራቸው፣ ብዙዎቹ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በቀጠሮ ሰዓት እንዲገኙ ማድረግ ነው። ይህንን ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ሆኖ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመራችን በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው ከባሕር ውስጥ ኬብል ጋር የሚገናኘው፤ የጨዋታዎቹ ማዕከላትም የሚገኙት ውጭ አገር ስለሆነ ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። መብራት ይጠፋል። የዳታ ጥቅል በሌሊት ስለሚረክስ ጨዋታው ወደ ሌሊት ይገፋል። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ እንደሆነው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ ቡድኑ ይበተናል፤ ሲከፈት እንደገና ይሰበሰባል። በዚህ ሁሉ መካከል ማን በማን ቦታ እንደሚተካ፣ መስመሩ የተቋረጠበት ሰው እንዴት እንደሚታለፍ፣ የተጣሉ ሁለት አባላት እንዴት እንደሚታረቁ የወሰነ ሰው የሚናገረው ነገር አለው። የፈረቃ አስተባባሪ በመብራት መቋረጥ መካከል የሠራተኛ ምድብ የሚያሸጋሽግ ሰው አይደለምን? ይህ የራቀ ሽግግር ሳይሆን የቅርብ ዘመድ ነው። ግን መጠየቅ ነበረበት፤ አልጠየቅነውም።

ሊነሣ የሚገባ፣ እኔም በቀላሉ የማላልፈው ተቃውሞ አለ። የፕሌይስቴሽን ቤት የወንዶች ቤት ነው። በእነዚህ ከተሞች ማታ ሦስት ሰዓት ከቤት ወጥታ ጌም የምትጫወት ወጣት ሴት ብዙ አትገኝም፤ በቤት ውስጥም ስልኩ፣ ዳታውና ነጻው ሰዓት በአብዛኛው የወንድሟ ነው። ለጌም ልምድ ነጥብ ብንሰጥ ለወንዶች ተጨማሪ ነጥብ ሰጠን ማለት ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መፍትሔው ጌምን ብቻ ማውጣት አይመስለኝም፤ የእግር ኳስ አምበልነቱም እንደዚያው የወንዶች ነበርና። ይልቅስ እኅቲቱ ያላትን እንይ። በሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና በአካባቢው የአበባ እርሻዎች ተቀጥረው የሚውሉት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል የሃያና የሠላሳ ሰው ዕቁብ የምትሰበስብ፣ ዕጣ የምታወጣ፣ የዘገየውን የምታስታምም፣ የከዳውን በሽማግሌ የምታስከፍል አትጠፋም። አንዲት ተማሪ እናቷ ታማ ታናናሾቿን እያስተማረች ዲግሪዋን ጨርሳ ይሆናል። እነዚህ በቃለ መጠይቅ ሲነገሩ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቶቻቸው ራሳቸው «ልምድ» ብለው አይጠሯቸውም። የጌሙ ወጣት ቢያንስ ደፍሮ ተናግሯል። ጥያቄው እንግዲህ ከጌም ይሰፋል፤ ደመወዝ ያልተከፈለበት፣ ማኅተም ያልተደረገበት ልምድ በምን ይመዘናል የሚል ነው።

የመመዘኛው ነገር በጥናት በቂ ብርሃን የበራለት ነው። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ቀደም ያሉትን ትንተናዎች አርመው ባወጡት ጥናት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጥያቄና የነጥብ መግለጫ ያለው ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ አፈጻጸም ጋር ያለው ተዛምዶ 0.42 ሲሆን፣ እንደመጣ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ግን 0.19 ብቻ ነው። የእኛ ቃለ መጠይቅ ቅጽ ስለነበረው የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ግን 3 ምን ማለት እንደሆነ፣ 7 በምን እንደሚለይ የሚገልጽ አንድም መስመር አልነበረበትም። በተጨማሪም «ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» የሚል ባለ 5 ነጥብ ጥያቄ ነበረበት። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉም አመልካች ግን ያውቀዋል፦ «መጽሐፍ በማንበብ»።

ለቀጣሪዎች ያለኝ ሐሳብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጠያቂው የአጋጣሚውን ስም ትቶ አመልካቹ ያደረገውን ይከተል። ጨዋታም ይሁን ዕቁብ፣ ሩጫም ይሁን ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለሁሉም ያንኑ ይጠይቅ፦ ስንት ሰው ነበር? ምን ተበላሸ? አንተ በግልህ ምን አደረግህ? ሳይሳካ ሲቀር ምን ለወጥህ? እውነት የመራ ሰው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል፤ ያልመራውም እንዲሁ። የቀረውን ጥርጣሬ ደግሞ ሕጉ ራሱ መፍቻ አብጅቶለታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ተቀጣሪን እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ለማየት ይፈቅዳል። 60 ቀን እያለ በ15 ደቂቃ ሳቅ መወሰን ለፋብሪካውም አይበጅም።

ለአመልካቾች የምለው ግን ከዚህ ይለያል፤ ቀጣሪዎች እስኪለወጡ ድረስ ሥራ ማግኘት አለባቸውና። በእኔ አስተያየት በጌም መጀመር ዛሬም ስሕተት ነው። ሌላ አጋጣሚ ያለው ሌላውን ያንሣ። ከጌሙ የተሻለ የሌለው ከድርጊቱ ይጀምርና ስሙን ወደ መጨረሻው ያድርሰው፦ «አርባ ሰዎች ያሉበትን የበጎ ፈቃድ ቡድን አንድ ዓመት መርቻለሁ፤ መስመር ሲቋረጥ የሚተካ ሰው በየምድቡ እመድብ ነበር፤ የጨዋታ ቡድን ነው»። ሲጠየቅ መደበቅ የለበትም፤ የሚወራረድ ካልሆነም ያንን ሳይጠየቅ በግልጽ ይናገር፣ ቃሉ በጠያቂው ጆሮ ምን እንደሚመስል አሁን እናውቃለንና። ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሊሆን ስለሚችል መልሱን በሦስቱም ቢለማመደው መልካም ነው፤ «ክላን»፣ «ስኳድ»፣ «ራንክ» የሚሉትን ቃላት ግን በሦስቱም ቋንቋ ይተዋቸው። የሚጫወት ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮን ጨዋታ አገር ውስጥ ሠርቶ ካቀረበ ወዲህ ጌም ሠሪነት ራሱን የቻለ የሙያ መግለጫ ሆኗልና ያንን በሙያው ገጽ ላይ በኩራት ያስፍር።

ለዚህ ኅትመት አንባቢዎች፣ በተለይም የማስተርስ ርዕስ ለሚፈልጉ፣ ክፍት የሆነ ሥራ እዚህ አለ። የሪቬራና የቲልቺክ ዓይነት ጥንድ ማመልከቻ በሦስቱ ከተሞች ሊሞከር ይችላል፤ በትምህርትና በውጤት እኩል ሆነው በአንድ መስመር ብቻ የሚለያዩ፣ አንዱ የሩጫ ክለብ፣ አንዱ የኦንላይን ጌም ቡድን፣ አንዱ የዕቁብ ሰብሳቢነት፣ አንዱ ምንም። የሴትና የወንድ ስም ማፈራረቅ ይገባል። ችግሩ አሠሪዎቹ ሳያውቁ መሞከራቸውና ጊዜያቸው መባከኑ ነው፤ በከተሞቹ ያሉት ትልልቅ ቀጣሪዎች ቁጥራቸው ውስን ስለሆነም ማመልከቻዎቹ ቶሎ ሊነቃባቸው ይችላል። ይህንን ለሚፈራ ተመራማሪ ሌላ መንገድ አለ፤ ፈቃደኛ የሆኑ የሰው ኃይል ባለሙያዎችን ሰብስቦ የተቀረጹ መልሶችን በድምፅ ማሰማትና ነጥብ ማሰጠት። አንዱ መልስ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ በአንደኛው «የእግር ኳስ ቡድን» ይላል፣ በሌላኛው «የጌም ቡድን»፣ የቀረው ቃል በቃል አንድ ነው። ለአንዱ ባለሙያ አንዱ ብቻ ይሰማል።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ፋብሪካ በድጋሚ ሲጠራኝ የትርፍ ጊዜው ጥያቄ እንዲወጣና በየነጥቡ ፊት መግለጫ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። መግለጫው ተጻፈ፤ ጥያቄው ግን አልወጣም። ሰብሳቢው «ልጆቹን ዘና ለማድረግ ነው እኮ» አሉኝ። ነጥቡ ወደ 2 ዝቅ እንዲል ተስማምተን ወደ መጀመሪያው አመልካች አለፍን።